ደጅ የቆመችው ደብዳቤ

ዘይኑልአቢዲን ተዘግቶ የተቀመጠ ነገር ሲያይ አያስችለውም። ገና በስምንት ዓመቱ የአባቱን ሬዲዮ ፈትቶ ውስጡ ቁጭ ብሎ የሚያወራውን ሰውዬ ሲፈልግ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ሰውዬውን አላገኘውም፤ ያገኘው አለንጋ ነው። አባቱ ገርፈው ሲጨርሱ ግን ልጁ እንባውን እየጠረገ ሬዲዮውን መልሶ ገጠመው፤ ሬዲዮውም እንደ ድሮው አወራ። አባትየው ለእናቱ፣ ይሄ ልጅ ወይ ሌባ ወይ ሐኪም ይሆናል ብለው ነበር። ሁለቱንም አልሆነም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ጠባብ ሱቅ ከፍቶ የተበላሸ ነገር ሁሉ የሚጠግን ሰው ሆነ።

መጀመሪያ ሬዲዮና ቴፕ ነበር። ቀጥሎ የዲሽ ሪሲቨር መጣ፣ ከዚያ ሞባይል፣ ከዚያ ኮምፒውተር። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለተወው የዕቃውን ጠባይ የተማረው ከዕቃው ከራሱ ነው። ሐይቁ ውስጥ የወደቀ ስልክ ይዞለት ያልመጣ ዓሣ አስጋሪ የለም፤ ሱቁ አንዳንዴ የስልክ ቤት መሆኑ ቀርቶ ዓሣ ዓሣ፣ ቀረሶ ቀረሶ ይሸታል። እሱ ደግሞ ስልኩን ከመፍታቱ በፊት ባለቤቱን ይፈታል። እንዴት ወደቀ? በየትኛው እጅህ ይዘኸው ነበር? ከማን ጋር ስታወራ? መልሱ ለጥገናው የሚጠቅመውን ያህል ብቻ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር። ሚስቱ ኑርሀያት፣ አንተ የምትጠግነው ወሬ ነው፣ ዕቃው ሰበብ ነው ትለዋለች።

አንድ የሚኮራበት ነገር አለ። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ኮምፒውተር ትንሽ ባነጠሰው ቁጥር “ፎርማት ይደረግ” ይላሉ፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርገው እንደ አዲስ ይጭኑታል። ይፈጥናል፣ አያሳስብም። ለዘይኑ ግን ይህ ራሱን ላመመው ሰው አንገቱን እንደ መቁረጥ ነው። የታመመበትን ሳያውቅ ዳነ ማለት አይሆንለትም። በዚህ የተነሳ ዘገምተኛ የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ስሙንም በደስታ ተሸክሞታል።

በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ማለቂያ ላይ፣ ሮመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ሱቁ ፊት ቆመና እትዬ ወይኒቱ ወረዱ። የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ ሲፒዩውን፣ በነጠላ ጠቅልለው አቅፈውታል። ፊታቸው የለቅሶ ቤት ፊት ነው። ሳጥኑን ከመደርደሪያው ላይ አኑረው፣ የደሴው ባለሙያ ያለ ፎርማት መድኃኒት የለውም እንዳላቸው ነገሩት። ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ ነው ያሉት ባለሙያ ሳጥኑን እንኳ አልከፈተውም።

“ፎርማት ከተደረገ ደብዳቤዋ ትጠፋለች፣ ዘይኑ” አሉት። “እሷ ከጠፋች ልጄን አጣኋት።”

ዘይኑ የትኛዋ ደብዳቤ እንደሆነች ያውቃል። ግማሹ ከተማ ያውቃል፤ ያላወቀ ካለ ከዘይኑ ሱቅ ያልደረሰ ሰው ነው።

የእትዬ ወይኒቱ ባል መምህር አሻግሬ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ከካርታው ይልቅ ግን የሚታወቁት በሽምግልና ነው። ከሐይቅ እስከ አምባሰል ልጅ ሊድር ያሰበ፣ ሚስት ሊጠይቅ የተነሳ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አሻግሬን ካልያዘ ሽማግሌው የጎደለ ይመስለዋል። ለዘይኑ ኑርሀያትንም ከአባቷ ደጅ ቆመው የጠየቁለት እሳቸው ናቸው። በ2010 ዓ.ም. ግን አንዲት ልጃቸው ሰሎሜ ሐዋሳ ላይ፣ ጓደኞቿን ምስክር አድርጋ፣ በማዘጋጃ ቤት ፈርማ አገባች። ሽማግሌ የሚባል ነገር አልተላከም። የሰው ደጅ ሲቆሙ የኖሩት ሰው የራሳቸው ደጅ ሳይንኳኳ ቀረ። ነገሩ አንጀታቸው ውስጥ ገባና ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ስሟ እንዳይነሳ አሉ።

እትዬ ወይኒቱ ደግሞ የእናት ነገር ሆኖባቸው መሃል ገቡ። ለልጃቸው ሲደውሉ፣ አባትሽ ሰላም ብሎሻል ይላሉ፤ አባትየው ሰላም አላለም። በሶና ሽሮ ይልኩና፣ አባትሽ ነው ያስላከልሽ ይላሉ። አንድ ቀን ሰሎሜ ለማመስገን በአባቷ ስልክ ደወለች። እሳቸው፣ እኔ ምንም አልላክሁም ብለው ዘጉባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእናቷ በኩል የሚመጣ የአባቷን ቃል ሁሉ አላምንም አለች። ማንም አይፈርድባትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014፣ ተኩሱ ከሩቅ ሲሰማ በሰነበተበት ሰሞን፣ መምህር አሻግሬ ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው ለልጃቸው ደብዳቤ ጻፉና ላክ የሚለውን ተጫኑ። ኔትወርኩ የጠፋው በዚያው ዕለት ነው። ደብዳቤው አልሄደም፤ የኢሜይሉ ፕሮግራም ውስጥ፣ ያልወጣ መልእክት በሚጠራቀምበት አውትቦክስ በሚሉት ሳጥን ገብቶ ቁጭ አለ። ከተማው ተያዘ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የስኳር መድኃኒታቸው አለቀ። በኅዳር አረፉ። ሰሎሜ የሰማችው ከተቀበሩ ከወር በኋላ ነው። ለተዝካሩም አልመጣችም። ሳይታረቀኝ በሞተ አባት ደጅ ምን ብዬ እገባለሁ አለች።

እትዬ ወይኒቱ ሲፒዩውን ከዘራፊ ያተረፉት ደብኛ በሚሉት የእህል ጎታ ውስጥ ማሽላ አልብሰው ነው። ስክሪኑ ተወስዷል። መብራት ሲመለስ ዘይኑ አንድ አሮጌ ወፍራም ስክሪን አውሷቸው ከፈቱት፤ ደብዳቤዋንም ያኔ አገኟት። በስልካቸው ፎቶ አንስተው፣ ኢንተርኔት ወዳለበት ደሴ ድረስ ሄደው ለሰሎሜ ላኩላት። ሰሎሜ፣ እማዬ ያንቺን ነገር አውቃለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ማንም መጻፍ ይችላል ብላ መለሰች። እንግዲህ የቀረው አንድ መንገድ ነው። ደብዳቤዋ ከሟቹ ኮምፒውተር፣ በሟቹ አድራሻ፣ የተጻፈችበትን ቀን ይዛ ራሷ መሄድ አለባት።

በየካቲት ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨመረ። እትዬ ወይኒቱ የባላቸውን ፎቶ አሳድገው ሊያሳትሙ ፍላሽ ይዘው ፎቶ ቤት ሄዱ። በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ስላልነበረ ከተማው ሁሉ ድራማውንም መንዙማውንም መዝሙሩንም የሚለዋወጠው በፍላሽ ነው፤ ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። ፍላሹ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ፋይሎቹ ሁሉ ስማቸው ብቻ ቀርቶ አልከፈት አሉ። ዘይኑ ማጽጃ ፕሮግራሙን ይዞ ሄደ፤ መብራቱ አንድ ሰዓት በርቶ ሁለት ቀን የሚጠፋበት ጊዜ ስለነበር እየተጣደፈ አጸዳው። ቫይረሱ ጠፋ፣ ፋይሎቹ ተመለሱ፣ ደብዳቤዋም ደህና ነበረች። እሱም ደረቱን ነፍቶ ወጣ። አሁን በመጋቢት የቤቱ የኢንተርኔት መስመር ሲቀጠል ግን ኮምፒውተሩ አልገናኝም አለ።

“አብሽሩ እትዬ ወይኒቱ” አላቸው። “ፎርማት የሚባል ነገር አይነካትም። በሽታውን ሳላውቅ አልተኛም።”

ይህን ያለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ነገሩ እውነትም በልቶታል። ቫይረሱ ከሞተ ምኑ ነው የሚዘጋው?

ሱቁን ቆልፎ ሳጥኑን ተሸክሞላቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲፈታው ከማራገቢያው ሥር ሦስት የማሽላ ፍሬ ወደቀ፤ እትዬ ወይኒቱ ለቅመው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። ዘይኑ ከጫፍ ጀመረ። ከግድግዳው የሚገባው ሽቦ ደህና ነው። የዋይፋዩ ሳጥን መብራቶች አረንጓዴ ናቸው። የራሱን ስልክ በዚያው ዋይፋይ ቢያገናኘው ወዲያው ሠራ። ስለዚህ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ገመዱን ቀየረ። አጥፍቶ አበራ። ከዚያ በጥቁሩ መስኮት ፒንግ የሚባለውን ትእዛዝ ጻፈ። ይህ ትእዛዝ ወደ ሩቅ ኮምፒውተር ጠጠር እንደ መወርወር ነው፤ ድምፁ ከተመለሰ መንገድ አለ ማለት ነው። ተመለሰ። አራት ወረወረ፣ አራቱም ተመለሱ።

ዘይኑ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ስክሪኑን አየው። ኮምፒውተሩ ከዓለም ጋር ይሰማማል። ገጽ ክፈት ሲሉት ግን አንድ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ እምቢ ይላል፤ ደብዳቤዋም ከሳጥኗ አትነቃነቅም። ዘይኑ ጽሑፉን እንደ ዝንብ እሽ እያለ ይዘጋዋል። የሬዲዮ ሰው ነው፤ ዕቃን ያዳምጣል፣ ያሸታል፣ ይዳስሳል እንጂ የሚጽፈውን አያነብም። ጉድ ነው፤ የሰው ወሬ ሲሰማ የማይሰለቸው ሰው ኮምፒውተሩ የሚነግረውን ሳይሰማ ስድስት ጊዜ አፉን ዘጋው።

ኢንተርኔቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ እንደሆነ ለማወቅ የተከፈቱ ገጾችን መዝገብ አወጣ። እዚህ ላይ ነገር መጣ። በሰኔ 2011 ኢንተርኔት ለቀናት ተዘግቶ ሲመለስ ማኅበራዊ ገጾቹ ግን አልከፈት ብለው ነበር። መምህር አሻግሬ ያኔ ሱቁ ድረስ መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የተዘጋውን የሚያስከፍት ነገር አለ ይባላል አሉት። ቪፒኤን የሚባለውን ፕሮግራም የጫነላቸው እሱ ነው። መምህሩ ፖለቲካ አብዝተዋል ብሎ ለኑርሀያት አውርቷል፤ ለሌላም ሰው ሳያወራ አልቀረም። አሁን መዝገቡን ወደ ታች ሲጎትተው ፖለቲካ የሚባል የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ገጽ ነው። የሰሎሜ ገጽ። ጠዋት ተከፍቷል፣ ማታ ተከፍቷል፣ በየቀኑ፣ እስከ ጥቅምት ዘጠኝ።

የሰው ነገር ያየ ሰው እፍረት ያዘው። ሊዘጋው አለና ተወው፤ ለእትዬ ወይኒቱ አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አነበቡ። አንዱን ስም ደጋግሞ ማንበብ ብዙ ጊዜ አይወስድም ነበር፤ እሳቸው ግን እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየነኩ ወረዱ።

“ስሟን አታንሱብኝ ይለኝ ነበር” አሉ። “እንዲህ ሲያነሳት እየዋለ።”

ዘይኑ ያን ቀን መፍትሔ ሳያገኝ ወደ ቤቱ ሄደ። ማፍጠሪያው ላይ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ማንኪያ ይዞ ቀረ። ኑርሀያት ምን ሆነህ ብትለው፣ ይሰማል ግን አይሄድም አላት። ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ ለምዳዋለች።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ቢሄድ እትዬ ወይኒቱ ቤት የሉም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ጸሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ አቧራ ለብሰው፣ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። ለባላቸው ነፍስ ስም ለማስጠራት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄደው ኖሯል። እዚያ ሴት ከወሰኑ አያልፍም። እሳቸውም ዘወትር የሚያደርጉት፣ ከተለመደው ዛፍ ሥር ቆመው የተጻፈውን ስምና መባውን ለአንድ ሽማግሌ መልእክተኛ መስጠት ነው፤ እሱ ወደ ውስጥ ያደርስላቸዋል።

“ዛሬ መልእክተኛው የለም” አሉት። “ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ደወሉ ሲደወል እሰማለሁ። ጸሎቱ ይሰማል። መንገዱን የዘጋብኝ የለም። ወረቀቴን የሚያደርስልኝ ሰው ብቻ ጠፋ። ለካ ሰውዬው ከሞተ ወር ሆኖታል፣ እኔ ሥፍራው ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። በኋላ አንድ ዲያቆን አግኝቼ በዚያ በኩል ሰጠሁ።”

ዘይኑ ነፍስ ይማር ማለቱንም ረሳው። ደወሉ ይሰማል፣ ወረቀቱ ግን አይሄድም። የወረወራቸው አራት ጠጠሮች ትዝ አሉት። በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ መልእክተኛው ማን ነበር? ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ውጭ የሚያደርሰው ማን ነበር? የማን መልእክተኛ እንደነበረና ማን እንዳስቀመጠው ያውቃል።

ገብቶ ኮምፒውተሩን አበራው። ገጽ ክፈት አለው፤ እንግሊዝኛው ወጣ። በዚህ ጊዜ አልዘጋውም። ስልኩ ላይ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ቃል በቃል አነበበው። ኮምፒውተሩ ከትናንት ጀምሮ፣ ምናልባትም ከየካቲት ጀምሮ፣ ወኪሌ አይመልስልኝም እያለ ሲነግረው ኖሯል። ቅንብሩን ገልጦ አየ። ፕሮክሲ፣ ወኪል እንደ ማለት፣ በሚለው መስመር ላይ አንድ አድራሻ ተጽፏል፤ አንድ መቶ ሃያ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ። ይህ ቁጥር የሩቅ አገር አድራሻ አይደለም። ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ነው። ያ ቪፒኤን እዚያው ቤት ውስጥ በር ላይ ተቀምጦ፣ የሚወጣውን ሁሉ ለእኔ ስጡኝ፣ እኔ አደርሳለሁ ብሎ ነበር። ኮምፒውተሩም ታዘዘ። አሁን ያ በረኛ የለም፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደ እትዬ ወይኒቱ የለመደው ሥፍራ ላይ ቆሞ ወረቀት ዘርግቶ ይጠብቃል።

በረኛው የት ሄደ? የማጽጃ ፕሮግራሙን ማኅደር ከፈተ። በየካቲት ያጠፋቸው ተዘርዝረዋል። አንደኛው ቫይረሱ ነው። ሁለተኛው ቪፒኤኑ ነው። ማጽጃው ሁለቱንም ጠርጥሮ ዝርዝሩን አቅርቦ ጠይቆታል፤ ዘይኑ መብራት ሊጠፋ ነው ብሎ ሳያነብ ሁሉንም አጥፋ ብሏል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የሞተ ቫይረስ ሲከስ ከረመ እንጂ በሩን የዘጋው የራሱ እጅ ነው። ፎርማት አድራጊዎችን ሳያዩ የሚቆርጡ ሲል የኖረ ሰው ሳያይ ቆርጧል።

ማንም አላየውም። ቅንብሩን በአንድ ጣት ማጥፋት ይችላል፤ ቫይረሱ ያበላሸው ነው ቢል እትዬ ወይኒቱ መርቀው ይሸኙታል። ይህ ሐሳብ አልመጣበትም ቢባል ውሸት ነው። መጣበት። እጁ ማውሱ ላይ ትንሽ ቆየ።

“እትዬ ወይኒቱ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት” አላቸው። “ቫይረሱ አይደለም። እኔ ነኝ።”

ሁሉንም ነገራቸው። ቁጥሩ አልገባቸውም፣ መልእክተኛው ግን ገባቸው። ይቆጡኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው የተናገሩት ሌላ ነው።

“እንግዲያ ክፈተዋ” አሉት። “ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ የሁዳዴዬ መፍቻ ነው፤ አንተ እየጾምህ ግን ፊትህ እህል አልቀምስም። ቶሎ በል።”

ከፕሮክሲው አጠገብ ያለችውን ምልክት አጠፋት። ያ ብቻ ነው። ስድስት ወር የተቆለፈ ነገር አንዲት ምልክት ሲነሳለት ይከፈታል ብሎ የሚያምን የለም፤ ዘይኑም አላመነም ነበር። የኢሜይሉን ፕሮግራም ከፈተው። ከሥር አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረች። አውትቦክሱ አንድ ይላል። መስመሯ ሞላች። አንዱ ጠፋ። ሳጥኑ ባዶ ሆነ።

ዘይኑ የደብዳቤዋን ይዘት ለማወቅ ሲቃጠል ነው የከረመው። ሁለት ጊዜ ሊያነባት ቃጥቶታል፤ አንድ ጊዜም ምን ትላለች ብሎ እትዬ ወይኒቱን ጠይቋቸው፣ ለሷ ነው የተጻፈችው ብለውታል። እንግዲህ ሄደች። ሳያያት ሄደች።

ስልኩ እስኪጮህ ሩብ ሰዓት አልሞላም። እትዬ ወይኒቱ አንስተው አቤት ልጄ አሉ። እየሰሙ ናቸው። ከዚያ ስልኩን ለዘይኑ ዘረጉለት። እኔ ብነግራት አታምነኝም አሉ። ይህን ሲሉ ቂም አልነበረባቸውም፤ የዘሩትን እንደሚያውቁ ነው።

ሰሎሜ ድምፁን አወቀችው። በልጅነቷ ሱቁ በር ላይ ቆማ የተፈቱ ሬዲዮዎችን ታይ ነበር።

“ጋሽ ዘይኑ” አለች፣ “እማዬ ናት ያስጻፈችህ?”

“ሰሎሜ፣ ሮመዳን ነው። ጾመኛ ነኝ፤ በጾም አፌ አልዋሽሽም። የጻፉት አባትሽ ናቸው፣ ጥቅምት ዘጠኝ። ከየካቲት ወዲህ በሩን የዘጋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።”

እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ነገራት። ቪፒኤኑን ለምን እንዳስጫኑት፣ እሱ ፖለቲካ ነው ብሎ እንዳማቸው፣ መዝገቡ ላይ ግን ጠዋት ማታ የሷ ገጽ ብቻ እንደተገኘ። መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ስልኩን ከጆሮው ነጥሎ አየው። አልተቋረጠም።

“ስማኝማ” አለች በመጨረሻ፤ ድምጿ ወፍሯል። “እንዲህ ይላል። ‘ሽማግሌ የሚልከው የወንድ ወገን ነው። እኔ ግን የሰው ደጅ መቆም እንጂ የልጄን ደጅ መቆም አላወቅሁበትም ነበር። እንግዲህ አባት ሆኜ ሽማግሌ ልኬብሻለሁ። ይቺ ደብዳቤ ናት። ደጅ አታቁሚያት።’” ቀጥላ ጠየቀችው። “ስድስት ወር ነው የቆመችው፣ አይደል ጋሽ ዘይኑ?”

“ስድስት ወር” አላት። አሻግሬ ለኑርሀያት ከአማቱ ደጅ የቆሙት አንድ ቀን ነበር፤ ያኔ እሱ ሰዓቱ አልሄድ ብሎት ሊሞት ደርሶ ነበር።

ሰሎሜ መጣሁም አላለች፣ ቀረሁም አላለች። ዘጋችው። እትዬ ወይኒቱ ውኃ ሊጠጡ ብርጭቆ አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

ዘይኑ ገመዶቹን ሊሰበስብ ሲያጎነብስ ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ጢን አለ። አዲስ መልእክት ገብቷል። ከሰሎሜ ነው፤ የተላከውም ለእናቷ አይደለም፣ ለአባቷ አድራሻ ነው። ርእሱ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል። “ይግቡ” ይላል፤ ደጅ ለቆመ ሽማግሌ የሚባለው ቃል። የቀረው ከሥሩ ነው፣ ካልከፈቱት አይታይም።

እትዬ ወይኒቱ ከኋላው መጥተው ቆሙ። ክፈተው፣ ምን ትላለች አሉት። ዘይኑ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ለመምህሩ ነው የተጻፈው፣ እርስዎ ይክፈቱት አላቸውና ወንበሩን ለቀቀላቸው። መሣሪያዎቹን በከረጢት ጨምሮ፣ ጫማውን አድርጎ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ከውስጥ የወንበሩ ሲጢጥታ ተሰማው። አልቆመም።

ቤቱ ሲደርስ ለመግሪብ ትንሽ ቀርቶ ነበር። ኑርሀያት ቴምሩን እየደረደረች ሁሉንም አስነገረችው። ስለ መልእክተኛው፣ ስለ ራሱ ስሕተት፣ ስለ ደብዳቤዋ፣ ስለ መልሱ። አፉን ይዞ የማያውቅ ሰው ስለሆነ አላስቸገራትም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እሷም እንደሱ ቀልቧ ተሰቅሎ፣ መልሱ ውስጥ ታዲያ ምን ይላል አለችው።

“አልከፈትኩትም” አላት።

ኑርሀያት ሳህኑን አስቀመጠች። ተነስታ መጣችና የእጇን ጀርባ ግንባሩ ላይ አድርጋ ትኩሳት እንዳለው ዳሰሰችው።